ዱባውና ጽጌረዳው ነጭ ሲለብስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓሮ ዝርዝር መመሪያ

ጥቅምት በገባ ቁጥር ስልኬ በቅጠል ፎቶ ይሞላል። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ጽጌረዳ፣ አተር። ሁሉም ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «መድኃኒት ረጭቼ ነበር፣ ለምን አልለቅ አለ?»

አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ለሌላ በሽታ የተሠራ መድኃኒት ተረጭቷል። ወይም አንዴ ተረጭቶ ተትቷል። ወይም ደግሞ «እርጥበት ነው ያመጣው» ተብሎ ተክሉ ውሃ ተከልክሏል። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። የተጠማ ተክል ለዚህ በሽታ ይበልጥ ይመቻልና።

የግብርና ሰዎች አመዳይ ይሉታል። ደጋ ላይ አመዳይ ሲባል ውርጭ የሚመስለው ሰው ስላለ እኔ «ነጩ ዱቄት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

## መጀመሪያ ይህን ያዙ

ነጩ ዱቄት ፈንገስ ነው። ግን እንደ ብዙዎቹ ፈንገሶች ዝናብ አይጠብቅም። እንዲያውም ቅጠሉ ላይ ውሃ ከቆመ የፈንገሱ ዘር (ያ የሚበነው ዱቄት) በደንብ አይበቅልም፤ ከባድ ዝናብም ያጥበዋል። የሚመቸው ቀኑ ደረቅና ለብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛና ጤዛማ ሲሆን ነው። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ያለ ሙቀት ይስማማዋል። ይኸው የኛ ጥቅምትና ኅዳር ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ደህና የነበረ ዱባ ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድንገት የሚነጣው ለዚህ ነው።

አንድ ዘር ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ሌላ ዘር ለመበተን ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ አንዴ ረጭቶ መቀመጥ ዋጋ የለውም። ዛሬ የገደላችሁትን የጎረቤት ጓሮ በነፋስ ይተካዋል።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ የተክል ወገን የራሱ ፈንገስ አለው። ጽጌረዳችሁ ላይ ያለው ወደ ዱባው አይሄድም። ዱባ፣ ዝኩኒና ኪያር ግን አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ እርስ በርስ ይጋባሉ። ጽጌረዳውን በዱባው ምክንያት ነቅላችሁ የጣላችሁ ካላችሁ፣ አዝናለሁ።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከፍታዋ 1,850 አካባቢ ነው። የእኔ ጓሮ ደሴ፣ የእህቴ ኮምቦልቻ ነው። እሷ ጋ ነጩ ዱቄት ቀድሞ ይመጣል፣ በፍጥነትም ይሮጣል። እኔ ጋ ቀስ ይላል፤ ግን አይለቅም። ጦሳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ቀድሞ ስለሚሸፍናት ጓሮዬ ጥላ ይበዛበታል። ነጩ ዱቄት ደግሞ ጥላ ይወዳል። ከታች ቀንና ሰዓት ስጽፍ ይህን ልዩነት አስቡት።

## ደረጃ 1፦ በሽታው እሱ መሆኑን አረጋግጡ

ከመርጨታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ስጡት።

1. ነጭ ያለበትን ቦታ በአውራ ጣታችሁ ጠረግ አድርጉ። ነጩ ዱቄት ከሆነ እንደ ጠመኔ ጣታችሁ ላይ ይቀራል፤ ሥሩ ያለው ቅጠል አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ሆኖ ይታያል።
2. ቅጠሉን ገልብጡ። ሥሩንም፣ ግንዱንም እዩ። ነጩ ዱቄት ከላይም ከሥርም ይኖራል።
3. በውሃ እጠቡትና በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ እዩ። አቧራ ከሆነ ታጥቦ ሄዷል። በሽታ ከሆነ ክብ ክብ ሆኖ ተመልሷል።

መንገድ ዳር ቤት ላላችሁ ሦስተኛው ፈተና ግዴታ ነው። የጠጠር መንገድ አቧራ ብዙ ሰው አሳስቷል።

የሚያምታቱ ሌሎችም አሉ። ዝኩኒ በተፈጥሮው የቅጠሉን ደም ሥር ተከትሎ ብርማ ነጠብጣብ የሚያወጣ ዓይነት አለው። ያ አይጠረግም፣ በሽታም አይደለም። እንደ ጥጥ እብጥ እብጥ ያለና ሲጫኑት የሚፈርጥ ከሆነ ተባይ ነው፤ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። ቅጠሉ ላይ በደም ሥሩ ተወስኖ ማዕዘን የሠራ ቢጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ግራጫማ ሻጋታ ካያችሁ፣ እሱ እርጥበት የሚወድ ሌላ በሽታ ነው። ክረምት ላይ የሚመጣው በአብዛኛው እሱ ነው።

ቲማቲምና ቃሪያ ላይ ነጩ ዱቄት ራሱን ይደብቃል። ከላይ የምታዩት ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ከሥር ነው። ቃሪያው ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር ነው ሰው የሚነቃው። ስለዚህ ቃሪያ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቅጠል ይገልብጥ።

ጽጌረዳ ላይ ለጋው ነው የሚጠቃው፤ አዲሱ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ቀላ ይላል፣ እንቡጡ አንገት ላይ ነጭ ይለብሳል። ዱባ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ከታች ካሉት፣ ካረጁትና ጥላ ውስጥ ካሉት ይጀምራል። የት እንደምትፈልጉት ካወቃችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ትይዙታላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የተያዘ ደግሞ ግማሹን ሥራ አለቀ በሉት።

## ደረጃ 2፦ ዕቃውን አሰናዱ

ሁሉም ሳይሟላ አትጀምሩ። ቅጠል ቆርጦ ሱቅ መሄድ ዘሩን በልብስ ተሸክሞ ሰፈሩን መዞር ነው።

- ስለታም መቀስ፣ ከአልኮል ወይም ከሳኒታይዘር ጋር
- ሊታሰር የሚችል ትልቅ ፌስታል ወይም ማዳበሪያ (ከረጢቱን ማለቴ ነው)
- የእጅ መርጫ። የመስታወት ማጽጃ ባዶ ዕቃም በደንብ ከታጠበ ይሠራል
- ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ለመለኪያ
- የሻይ ማንኪያ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኩሽና የማይመለስ
- ባለ 5 ሚሊ ሊትር መርፌ ከፋርማሲ፣ ለዘይትና ለመድኃኒት መለኪያ
- ቤኪንግ ሶዳ፣ የምግብ ዘይት፣ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና
- ጓንትና ማስክ

ስለ ሶዳው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ አይደሉም። ሱቅ «ሶዳ ስጠኝ» ስትሉ ባለሱቁ ለኬክ መስሎት ፓውደሩን ሊሰጣችሁ ይችላል። ቤት ገብታችሁ ፈትኑት፦ ግማሽ ማንኪያ በሙቅ ውሃ ላይ ጨምሩ። በውሃው ብቻ ብዙ አረፋ ከሠራ ፓውደር ነው። በውሃ ዝም ብሎ ሎሚ ሲጨመርበት ከፈላ ሶዳ ነው።

ሳሙና ለመሥራት የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ስሙ ሶዳ ስለሆነ ብቻ እጃችሁ እንዳይገባ። በረኪናም፣ የልብስ ዱቄት ሳሙናም ቅጠል ላይ አይረጭም።

ስለ መርጫው። በጀርባ የሚታዘል መርጫ ከገጠር ዘመድ መዋስ የተለመደ ነው። እኔም ተውሼ ነበር። ዘመዴ ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ የአረም ማጥፊያ ረጭቶበት፣ በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን የዱባዎቼ ጫፍ እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለ፣ ግንዱ ተጣመመ። 11 እግር ዱባ ነበር፤ አንድም አልበላሁም። ዱባ፣ ቲማቲምና ወይን ይህን የአረም ማጥፊያ በጣም ጥቂቱን እንኳ አይችሉም። አረም ማጥፊያ የነካው መርጫ ለጓሮ አይሁን። አለቀ።

## ደረጃ 3፦ ቁረጡ

ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጀምሩ። ነፋስ ካለ ለነገ ይደር።

1. ፌስታሉን ወደ ቅጠሉ አምጡት እንጂ ቅጠሉን ወደ ፌስታሉ አትውሰዱ። ከሥር ይዛችሁ ቆርጣችሁ ቀስ ብላችሁ ጣሉት።
2. ከግማሽ በላይ የነጡትን አንሱ። ነጠብጣብ ብቻ ያለባቸውን ተዉ፤ እነሱ ይታከማሉ።
3. በአንድ ጊዜ ከተክሉ ቅጠል ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ዱባ ተራቁቶ ፀሐይ ከመታው ፍሬው ይቃጠላል።
4. ጽጌረዳ ላይ የነጣውን ለጋ ጫፍ ጤነኛ እስከሆነ ዓይን ድረስ አውርዱት። እንቡጥ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። የነጣ እንቡጥ ግን ብዙውን ጊዜ በደንብ አይፈነዳም።
5. ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ መቀሱን በአልኮል ጥረጉ።
6. ፌስታሉን እሰሩ፤ ወይ አቃጥሉት ወይ በጥልቅ ቅበሩት። ቀዝቃዛ ፍግ ክምር ላይ አትጨምሩት።

መድኃኒት የተረጨበት ከሆነ ለበግም ለላምም አይሰጥ።

*እዚህ ላይ ከተበላሸ፦* ሲሶ ቆርጣችሁም አሁንም ሁሉም ነጭ ከሆነ አትቀጥሉ። ዱባው ፍሬውን አፍርቶ ልጣጩ ከጠነከረ ተዉት፣ ዕድሜውን ጨርሷል። ገና አበባ ላይ ከሆነ ከላይ ያሉትን አራትና አምስት ለጋ ቅጠሎች አድኑ፣ የታቹን በሚቀጥለው ሳምንት ትቆርጣላችሁ።

## ደረጃ 4፦ እጠቡ

ከቆረጣችሁ በኋላ በዚያው ጠዋት የቀረውን ቅጠል በንጹህ ውሃ ከላይም ከሥርም እጠቡ። ይህ ቀላል ሥራ ብዙ ዘር ያወርዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ጀሪካን ማባከን ሊመስለው ይችላል፤ ለአንድ ዱባ ግን 2 ሊትር ይበቃል። የሚወርደው ውሃ ለሥሩ ነው፣ አይጠፋም።

ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ቅጠሉ እስከ ቀትር መድረቅ አለበት። ማታ ማጠብ ግን ሌላውን፣ እርጥበት የሚወደውን በሽታ መጥራት ነው። አንዱን ሸኝቶ ሌላውን መቀበል ይሆናል።

## ደረጃ 5፦ በጥብጡና ርጩ

### የሶዳው ውህድ (ለ1 ሊትር)

- ቤኪንግ ሶዳ፦ 1 የሻይ ማንኪያ፣ አፉ ለጥ ያለ (5 ግራም ያህል)
- የምግብ ዘይት፦ 5 ሚሊ ሊትር
- ፈሳሽ ሳሙና፦ 2 ሚሊ ሊትር

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

1. ሶዳውን በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙት። እንክብል እንዳይቀር።
2. ለብቻው በሌላ ብርጭቆ ዘይቱንና ሳሙናውን ነጭ እስኪሆን ድረስ ምቱት።
3. ሁለቱን ሃይላንዱ ውስጥ ጨምሩ፤ እስከ 1 ሊትር በውሃ ሙሉት።
4. መርጫው ውስጥ ገልብጡ። እየረጫችሁ በየ2 ደቂቃው ወዝውዙ። ዘይት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካልወዘወዛችሁ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ጥሩ አድርጎ የተጠበሰ ቅጠል ነው የምታገኙት።
5. ሁለት ቅጠል ላይ ብቻ ሞክሩና አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። ጠርዙ ካልተቃጠለ ቀጥሉ።
6. ከሥር ጀምሩ። የቅጠሉ ሥር ሳይረጭ የላዩ ብቻ ቢረጭ የተሠራ ሥራ የለም። ጠብ ሊል ሲል አቁሙ።
7. የተረፈውን ድፉት። ለነገ አይቀመጥም።

ሰዓቱ፦ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ደሴ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4፣ ኮምቦልቻ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ብትሉት ጥሩ ነው። የዱባ አበባ ጠዋት ክፍት ነው፣ ንቦችም በዚያ ሰዓት ነው የሚመጡት። አበባውን ሳትነኩ ቅጠሉን ብቻ ርጩ። ንብ ከሌለ ዱባም የለም።

ተክሉ የጠማው ከሆነ አትርጩበት። ባለፈው ቀን አመሻሽ ላይ ሥሩን አጠጡት።

ሶዳ ውስጥ ጨው አለ። «ትንሽ ጠንከር ይበል» ብሎ ሁለት ማንኪያ መጨመር ቅጠሉን ያቃጥላል። በየሳምንቱ ወራት ሙሉ ከተረጨም አፈሩ ላይ ጨው ይጠራቀማል። በአንድ ወቅት ከአምስትና ስድስት ጊዜ በላይ አልሄድም። ከዚያ በኋላ ወተት ነው።

### የወተቱ ውህድ

1 እጅ ወተት፣ 9 እጅ ውሃ። ሌላ ነገር አይጨመርም። ከሶዳ በተቃራኒ ወተት ፀሐይ ሲያገኝ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ በወጣበት ርጩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚል ውስጥ በዝኩኒ ላይ ተሞክሮ ውጤት የታየበት መንገድ ነው፤ የባልቴት ወሬ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ በሽታው ገና ሲጀምር ወይም ሳይጀምር ነው። የነጣ ማሳ ላይ ብዙ አትጠብቁበት።

የዱቄት ወተትም ይሆናል። መጀመሪያ እንደሚጠጣ በጥብጡት፣ ከዚያ ከ9 እጅ ውሃ ጋር አቅጥኑት። ማወፈር ግን ሽታና ጥቁር ሻጋታ ያመጣል። እኔ የጀመርኩት በነቢያት ጾም ቤት የተረፈ ወተት ይዤ ነው። አሁን ሙስሊም ጎረቤቶቼ ነገሩን ስላወቁ፣ ወተቱን ለዱባ ከምትሰጠው ለኛ ስጠን እያሉ ይስቁብኛል።

### አመድስ?

ጎረቤቴ እትዬ በየዓመቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ አመድ ነስንስበት» ይሉኛል።

«እትዬ፣ ከዚያ በሽታውን ከአመዱ በምን እለየዋለሁ?»

«እሱንስ አላሰብኩትም!»

አመድ የሚታመን መድኃኒት አይደለም። በዚያ ላይ ክትትላችሁን ያጠፋዋል።

## ደረጃ 6፦ ድገሙ፣ ተከታተሉ

በየ7 ቀኑ ለሦስት ዙር ርጩ። ዝናብ ካጠበው በማግስቱ ድገሙ። ቀኑን እንዳትረሱት ከአንድ ነገር ጋር እሰሩት፤ እኔ በሰኞ ገበያ ቀን ነው የምረጨው፣ ከገበያ በፊት።

ውጤቱን በአሮጌው ቅጠል አትለኩ። የነጣና የቢጫ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው ይህን እያየ ነው። በጀመራችሁበት ቀን የመጨረሻው ለጋ ቅጠል አንጓ ላይ ክር እሰሩ። ከክሩ በላይ የወጣው ንጹህ ከሆነ አሸንፋችኋል፣ አብሽሩ። ከክሩ በላይም ከነጣ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

እስከዚያው ድረስ ሥሩን አጠጡ፤ አፈሩ ጣት እስከሚገባበት ድረስ እርጥብ ይሁን። ዩሪያ አትጨምሩ። ዩሪያ ለስላሳ ለጋ ቅጠል ያበዛል፣ ፈንገሱም የሚፈልገው ያንኑ ነው። የታመመ ተክልን «አቅም ይሁነው» ብሎ ዩሪያ መስጠት ለበሽታው ድግስ መደገስ ነው።

## ደረጃ 7፦ አልታዘዝ ሲል

ድኝ። ለመርጨት የተዘጋጀ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ባለ 80 በመቶ የድኝ ዱቄት ከግብርና ግብዓት ሱቅ ጠይቁ። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ከእኔ ይበልጣል። ሦስት ክልከላ አለው።

- ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሊደርስ በሚችልበት ቀን አትርጩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግንቦትና ሰኔ ላይ ተጠንቀቁ።
- ዘይት ያለበት ነገር ከረጫችሁ 2 ሳምንት ሳይሞላ ድኝ አትርጩ፤ ድኝ ከረጫችሁም በኋላ እንዲሁ። የሶዳው ውህድ ዘይት አለበት፤ ኒም ዘይትም ዘይት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቅጠል ያነዳሉ። በዚያ መሀል በወተቱ ቆዩ።
- ዱባና ኪያር ላይ አንዳንድ ዓይነቶች ድኝ አይወዱም። ሁለት ቅጠል ላይ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ።

ድኝ ዓይን ያቃጥላል። መነጽርና ማስክ አድርጉ፤ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ርጩ። ጓሮው ውስጥ ማንጎ ያላችሁ፣ ነጩ ዱቄት የማንጎውን አበባ መትቶ ያረግፋል፤ አበባው ሳይፈነዳ ነው ድኙ የሚረጨው።

ሱቅ ውስጥ የሚሰጣችሁ መድኃኒት። ጥያቄያችሁ «ለቅጠል በሽታ» ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል ነው። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል የድንችና የቲማቲም ቅጠል ለሚያጠቁረው በሽታ ጎበዝ ነው። ነጩን ዱቄት ግን አይገድልም። ማንኮዜብም በእሱ ላይ ደካማ ነው። ገንዘቡ ወጣ፣ መርዙ ተረጨ፣ ዱቄቱ እንዳለ ነው።

ስማቸው በ«ናዞል» የሚያልቅ መድኃኒቶች፣ እነ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል፣ ነጩን ዱቄት ይገድላሉ። ሆኖም እዚህ የሚገኙት ብዙዎቹ ለስንዴ ዋግ የመጡ ናቸው። ማሸጊያው ላይ የእናንተ ተክል ስም ከሌለ የሚበላ ነገር ላይ አትርጩ። ለጽጌረዳ አንድ ነገር ነው፤ ነገ ለምትቀጠፍ ኪያር ሌላ ነገር ነው። ከተረጨ እስከሚበላ ስንት ቀን እንደሚቆይ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ያንን ቀን ቁጠሩ። በወረቀት ተቋጥሮ፣ ያለ ማሸጊያ የሚሸጥ መድኃኒት ግን በነጻም ቢሆን አትውሰዱ።

አንዱን ወገን ደጋግማችሁ አትርጩ፤ ፈንገሱ ይለምደዋል። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ናዞሎች አንድ ወገን መሆናቸውን አትርሱ።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ

ከረጨሁ በኋላ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። ውህዱ ወፍሯል ወይም ፀሐይ ላይ ተረጭቷል። ወዲያው በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ሥሩን በደንብ አጠጡ፣ 10 ቀን ምንም አትርጩ። የተቃጠለውን አትቁረጡ፤ ግማሽ ቅጠልም ምግብ ይሠራል።

በ4ኛው ቀን ተመለሰ። የቅጠሉን ሥር አልረጫችሁም፤ ወይም አጥሩ ማዶ ሌላ ዱባ አለ። ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ርጩ። ቡና እየጠጡ መነጋገር ከመድኃኒት ይረክሳል።

መርጫው ደፈነ። ሶዳው አልሟሟም። አፉን ፈትታችሁ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። በአፋችሁ አትንፉት፤ መድኃኒት ያለፈበትማ ጭራሽ።

ረጭቼ ሳልጨርስ ዝናብ መጣ። የተሟላ አይደለም፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ከመጀመሪያው ድገሙ። በልግ ላይ ይህ ያጋጥማል።

ቃሪያው ቅጠሉን አረገፈ። በሽታው ቅጠሉ ውስጥ ስለገባ ሶዳና ወተት አይደርሱበትም። ድኝም ቢሆን ገና ያልተያዘውን ነው የሚጠብቀው። አዲስ ቅጠል ካወጣ ያንን ጠብቁ።

## ለሚቀጥለው ዓመት አሁን የሚሠራ

መስከረም ላይ፣ ነጭ ነገር ከማየታችሁ በፊት፣ የዱባውን የታች ቅጠሎች ከመሬት አንሱ፤ የተደራረቡትን አሳሱ። ከሁለት ዱባ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይኑር። እኔ ስስታም ስለሆንኩ 1 ሜትር አደርግ ነበር፤ ቅጠሎቹ ተቃቅፈው ነፋስ እንዳይገባ አደረጉ፣ በየዓመቱም የሚጀምረው ከዚያው መሀል ነበር።

ጽጌረዳን መሀሉ ባዶ እንደ ሲኒ እስኪሆን ግረዙት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽጌረዳ ነፋስ አያገኝም፤ ሁለት ክንድ ያህል አርቃችሁ ትከሉት። ደሴ ላይ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ጎን ምረጡ፣ ከሰዓት በኋላውን ተራራው ይወስደዋልና።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወተቱን ጀምሩ፣ በ10 ቀን አንዴ። ኮምቦልቻ መስከረም አጋማሽ ላይ ብትጀምሩ አይቆጫችሁም። ዘር ስትገዙ በሽታውን የሚቋቋም የኪያርና የዝኩኒ ዝርያ መኖሩን ጠይቁ፤ አለ፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

ፍሬው ሲያልቅ ሐረጉን በቆመበት አትተዉት። ነቅላችሁ አንሱ። ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ዱባ ያለበት ጓሮ ፈንገሱን ዓመት ሙሉ ይቀልበዋል።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፦ ነጩ ዱቄት ካለበት ተክል የተቆረጠ ዱባ ይበላል ወይ? ይበላል። ፈንገሱ ቅጠል ላይ ነው እንጂ ሥጋው ውስጥ አይገባም። ጣዕሙ ግን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ቅጠሉ ቀድሞ ስለሞተ ስኳሩን አልጨረሰም። መድኃኒት ከረጫችሁ ቀኑን ቆጥራችሁ፣ ልጣጩን አጥባችሁ ቀቅሉት።